ስለ "ዘ ሙንስቶን" ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለዚ መጽሐፍ ባወራሁ ቁጥር የሚመጡብኝን ጥያቄዎች እዚ ሰብስቤያለሁ፤ ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ ሌባውን የሚያሳውቁት የመጨረሻዎቹ አራት ጥያቄዎች ላይ "ስፖይለር" ብዬ ጽፌያለሁ።

"ዘ ሙንስቶን" ስለ ምንድነው?

በአጭሩ ስለ ተሰረቀ አልማዝ ነው። ሬቸል ቬሪንደር የምትባል የእንግሊዝ ባላባት ልጅ ጁን 21 ቀን 1848 ላይ 18 ዓመት ሲሞላት የሞተ አጎቷ በኑዛዜ የተወላት ትልቅ ቢጫ አልማዝ ይሰጣታል። ያን ቀን ማታ የልደት እራቱ ላይ ነጭ ቀሚሷ ላይ ሰክታው ታመሻለች፣ እንግዶቹ ሲሄዱ ደግሞ ከመኝታ ክፍሏ ጎን ባለች ትንሽ ሳሎን ውስጥ የህንድ ቁምሳጥን መሳቢያ ውስጥ ታስቀምጠዋለች። እናቷ ቁልፍ እንደሌለው ብትነግራትም አልሰማችም። ሲነጋ መሳቢያው ባዶ ነው።

ቤቱ ዮርክሻየር ውስጥ ባህር ጠረፍ ላይ ያለ ትልቅ የገጠር ቤት ነው፣ ማታ በሩ ሁሉ ተቆልፏል፣ ውሾቹ ተለቀዋል፣ የተሰበረ መስኮት የለም። ስለዚ የወሰደው ሰው እዛው ቤት ያደረ ነው ማለት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ የዛኑ ቀን ሶስት ህንዳውያን የመንገድ ትርኢት አሳዪ ነን ብለው ግቢው ድረስ መጥተው ነበር፣ እና እነሱ ትርኢት ለማሳየት ብቻ እንዳልመጡ ቀስ እያለ ይገባችኋል። ታሪኩ ከዚ ነው የሚነሳው፣ የሚቋጨው ግን እንግሊዝ ውስጥ አይደለም።

ማን ጻፈው? መቼ?

ዊልኪ ኮሊንስ። ለንደን ውስጥ 1824 ተወልዶ 1889 ነው የሞተው፣ የታዋቂው ደራሲ የቻርልስ ዲክንስ የቅርብ ጓደኛ ነበር። መጽሐፉ መጀመሪያ የወጣው ዲክንስ ያዘጋጀው በነበረው "ኦል ዘ ይር ራውንድ" የሚባል ሳምንታዊ መጽሔት ላይ ነው፣ ከጃንዋሪ 4 እስከ ኦገስት 8 ቀን 1868 በ32 ክፍል፣ በየቅዳሜው። ሰው ቀጣዩን ክፍል ለመግዛት መጽሔቱ ቢሮ በር ላይ ይጠብቅ ነበር፣ ተላላኪ ልጆች ሳይቀሩ ጥግ ይዘው ያነቡት ነበር። በሳምንት አንዴ የሚወጣ ተከታታይ ድራማ የሚጠብቅ ሰው ስሜቱ ይገባዋል፣ እያንዳንዱ ክፍል ልብ አንጠልጥሎ ነው የሚያቆመው።

የተጻፈበት ሁኔታ ግን ከባድ ነው። መሀል ላይ እያለ እናቱ ሞተችበት፣ እሱም በሪህ ታሞ አልጋ ላይ ወድቆ ነበር፣ የተወሰነውን ክፍል ተኝቶ በቃል እያለ ነው ሌላ ሰው የጻፈለት። ህመሙን ለማስታገስ የሚወስደው ሎዳነም ነበር፣ ሎዳነም ማለት አልኮል ውስጥ የሟሟ ኦፒየም ነው። ይሄን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሙንስቶን አልማዝ ነው እንዴ? እውነተኛ ድንጋይ ነው?

ጌጣጌጥ የሚሸጡ ሰዎች ሙንስቶን የሚሉት ሌላ ነው፣ ርካሽ የሆነ ወተት መሳይ ብርሃን ያለው ድንጋይ ነው። የመጽሐፉ "የጨረቃ ድንጋይ" ግን ቢጫ አልማዝ ነው፣ የወፍ እንቁላል የሚያክል፣ ስሙን ያገኘውም ህንድ ውስጥ ሶምናት በሚባል ቦታ የጨረቃ አምላክ ሐውልት ግንባር ላይ ስለነበረ ነው ይላል ታሪኩ። ዋጋው 20,000 ፓውንድ ተገምቷል፣ በዛን ዘመን ገንዘብ።

ድንጋዩ ልቦለድ ነው፣ ግን ከባዶ አልተፈጠረም። ኮሊንስ ራሱ መቅድሙ ላይ ሁለት እውነተኛ አልማዞችን ጠቅሷል፣ አንዱ የሩሲያ ነገስታት በትረ መንግስት ላይ ያለው፣ ሁለተኛው ኮሂኑር ነው። ኮሂኑርን እንግሊዞች የወሰዱት ፑንጃብን ሲይዙ 1849 ላይ ከዱሊፕ ሲንግ ነው፣ ንጉሥ ይባል እንጂ ያኔ 10 ዓመቱ ነው። 1851 ለንደን ውስጥ ለህዝብ ሲታይ ሰው እየተጋፋ አይቶታል። ስለዚ 1868 ላይ ይሄን ልቦለድ የገዛ የለንደን ሰው ከህንድ ስለመጣ አልማዝ ሲነገረው አዲስ ነገር አልሆነበትም።

የመጀመሪያው የመርማሪ ልቦለድ ነው የሚባለው እውነት ነው?

ቲ ኤስ ኤልየት የተባለው ገጣሚ ከዘመናዊ የእንግሊዝ የመርማሪ ልቦለዶች የመጀመሪያው፣ ረጅሙና ምርጡ ነው ብሎ ስለጻፈ ይሄ አባባል እስከ ዛሬ ሽፋን ላይ ይታተማል። በጥብቅ ከተሄደ ግን ከሱ በፊት አሉ። አሜሪካዊው ኤድጋር አለን ፖ 1841 ላይ አጭር የመርማሪ ታሪክ ጽፏል፣ ፈረንሳይ ውስጥም ኤሚል ጋቦርዮ 1866 ላይ ሙሉ ልቦለድ አውጥቷል፣ ዲክንስ ራሱ ኢንስፔክተር በኬት የሚባል መርማሪ 1850ዎቹ መጀመሪያ ላይ ልቦለዱ ውስጥ አስገብቷል።

እኔ የሚታየኝ እንዲህ ነው፣ "የመጀመሪያው" የሚለው ክርክር ብዙ አይጠቅምም፣ የሚጠቅመው ዛሬ መርማሪ ፊልም ስናይ የለመድናቸው ነገሮች ስንቶቹ እዚ አንድ ላይ መገኘታቸው ነው። የተዘጋ ቤት፣ ሁሉም ሰው የሚጠረጠርበት፣ ምንም የማይገባው የአካባቢ ፖሊስ፣ ከዋና ከተማ የሚመጣ ዝነኛ መርማሪ፣ አንባቢውን ወደ ተሳሳተ ሰው የሚመራ ፍንጭ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ የተፈጸመውን ነገር እንደገና በመተወን ማሳየት። ሼርሎክ ሆልምስ የመጣው ከ19 ዓመት በኋላ 1887 ላይ ነው።

ተራኪው ለምን ይቀያየራል? ግራ ገባኝ

ብዙ ሰው እዚ ጋ ነው የሚጠፋው። ሀሳቡ እንዲህ ነው፣ ከስርቆቱ ሁለት ዓመት በኋላ ፍራንክሊን ብሌክ የሚባለው ወጣት፣ የሬቸል የአክስቷ ልጅ፣ እውነቱ ተመዝግቦ ይቅር ብሎ እያንዳንዱን ሰው በዓይንህ ያየኸውን ብቻ ጻፍ፣ ከዛ ያለፈ አትጻፍ ይላቸዋል። የቤቱ አሽከሮች አለቃ ጋብርኤል ቤተሬጅ ይጀምራል፣ ከዛ ሚስ ክላክ፣ ጠበቃው ብራፍ፣ ፍራንክሊን ራሱ፣ የሐኪሙ ረዳት ኤዝራ ጄኒንግስ፣ መርማሪው ሳጅን ከፍ፣ እያለ ይሄዳል።

ለኛ ሰው ለማስረዳት የሚቀለኝ አውጫጭኝ ነው። ድሮ በየአገሩ ከብት ሲሰረቅ ወይ ሰው ሲገደል የአካባቢው ሰው በሙሉ ዛፍ ስር ተሰብስቦ እየተነሳ ያየውንና የሰማውን ይናገር ነበር፣ ሌባው ሳይወጣ ማንም ቤቱ አይሄድም። "ዘ ሙንስቶን" በወረቀት የተጻፈ አውጫጭኝ ነው። ማንም ሙሉውን አላየም፣ አንዱ በሩን አይቷል፣ አንዱ ድምጽ ሰምቷል፣ አንዷ ደግሞ ሁሉንም አይታ አፏን ዘግታለች፣ እና እናንተ ናችሁ ተቀምጣችሁ ማን ምን እንዳለ የምታያይዙት። እንዲህ ብላችሁ ካነበባችሁት መቀያየሩ አያደክምም፣ እንዲያውም "ቆይ ቆይ ያኛው እንዲህ አላለም ነበር?" እያላችሁ ወደኋላ ትገልጣላችሁ።

መጀመሪያው ዝግ ይላል፣ መዝለል እችላለሁ?

አትዝለሉ። እኔም የመጀመሪያ ጊዜ ሳነበው ጥዬው ነበር፣ ሽማግሌው ቤተሬጅ ወደ ጉዳዩ ለመግባት ሲጀምር ስለ ሚስቱ ያወራል፣ ከዛ እንደገና ሲጀምር ስለ ልጁ ያወራል፣ ሮቢንሰን ክሩሶ የሚባለውን ልቦለድ እንደ ዳዊት ይዞ ችግር በገጠመው ቁጥር ገልጦ ምክር ይፈልግበታል። ከዓመት በኋላ ስመለስበት ግን ገባኝ፣ ሰውየው ወሬ የሚያበዛው ቤቱን ስለሚወድ ነው፣ የሚወደው ቤት ውስጥ ሌባ መኖሩን መቀበል ስላልቻለ ነው ዙሪያውን የሚዞረው። ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው "የምርመራ ትኩሳት" ብሎ የሚጠራው ስሜት ሲይዘው፣ ሆዱ ውስጥ ሙቀት ጭንቅላቱ ውስጥ ምት ሲሰማው፣ እናንተንም ይዟችኋል።

ሚስ ክላክም እንደዛው ናት፣ ሰው ቤት እየሄደች የሃይማኖት በራሪ ወረቀት በየትራሱ ስር የምትደብቅ ሴት ናት፣ ብዙዎች ትሰለቸኛለች ይላሉ። እሷ የምታደንቀውን ሰው ግን ልብ ብላችሁ ያዙት፣ ከዚ በላይ አልናገርም።

እንግሊዝኛው ይከብዳል? የት አገኘዋለሁ?

የቅጂ መብቱ ካለፈ ቆይቷል፣ ፕሮጀክት ጉተንበርግ ላይ በነጻ ይወርዳል፣ በድምጽ ደግሞ ሊብሪቮክስ ላይ አለ። እንግሊዝኛው የድሮ ቢሆንም የንግግር እንግሊዝኛ ነው፣ ሰዎች ቁጭ ብለው ሲያወሩ ነው የተጻፈው፣ ከዘመኑ ሌሎች መጻሕፍት ይቀላል። መካከለኛ እንግሊዝኛ ያለው ሰው የመጀመሪያዎቹን 50 ገጾች ከታገሰ ከዛ በኋላ ራሱ ይጎትተዋል። ቢቢሲ በተለያየ ጊዜ ለቴሌቪዥን ሰርቶታል፣ የቅርቡ 2016 ላይ ነው፣ ግን እባካችሁ መጀመሪያ አንብቡት።

ሳጅን ከፍ እውነተኛ ሰው ነበር?

ስሙ አይደለም፣ አምሳያው ግን አለ። ስኮትላንድ ያርድ (የለንደን ፖሊስ ዋና መስሪያ ቤት) የመርማሪ ክፍል ያቋቋመው 1842 ላይ በስምንት ሰው ብቻ ነው፣ ከነዛ የመጀመሪያዎቹ አንዱ ጆናታን ዊቸር ይባላል። ጁን 1860 መጨረሻ ላይ ሮድ በሚባል መንደር አንድ ሀብታም ቤት ውስጥ አራት ዓመት ያልሞላው ህጻን በሌሊት ተገድሎ ተገኘ፣ ዊቸር ተላከ፣ እና ከታጠበው ልብስ መዝገብ ላይ አንድ የሌሊት ልብስ መጥፋቱን ይዞ የህጻኑን የ16 ዓመት እህት ኮንስታንስ ኬንትን አሰራት። አገሩ ተቆጣ። አንድ ተራ ፖሊስ የጨዋ ሰው ቤት ገብቶ የልጅቷን የውስጥ ልብስ ይቆጥራል እንዴ ተባለ፣ እሷ ተፈታች፣ የዊቸር ስም ጠፋ። ከአምስት ዓመት በኋላ 1865 ላይ ልጅቷ ራሷ መጥታ እኔ ነኝ ብላ አመነች።

ኮሊንስ ከዚ የወሰደው ደሙን ሳይሆን ልብሱን ነው። የጠፋ የሌሊት ልብስ፣ የልብስ እጥበት መዝገብ፣ ቁምሳጥኔ አይፈተሽም የምትል የጨዋ ልጅ፣ ሁሉም እዚ መጽሐፍ ውስጥ አለ። ከፍ ራሱ ፊቱ እንደ መጥረቢያ የሾለ ቀጭን ሽማግሌ ነው፣ ሌባ ከማደን ይልቅ ጽጌረዳ መትከል የሚወድ፣ ምርመራው ጦፎ እያለ ከአትክልተኛው ጋር በጽጌረዳዎቹ መሀል የሚያልፈው መንገድ ሳር ይሁን ጠጠር ብሎ የሚከራከር።

በጣም የሚደነቀው የምርመራ ትዕይንት የቱ ነው?

ለኔ የበሩ ቀለም ነው። ሬቸልና ፍራንክሊን ከልደቱ በፊት የሳሎኗን በር አብረው ቀለም ሲቀቡ ነበር፣ የመጨረሻዋን ቦታ የጨረሱት ረቡዕ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ነው፣ ቀለሙ ለመድረቅ 12 ሰዓት ይፈጃል። ጠዋት ላይ ከቁልፉ ስር ቀለሙ ትንሽ ተነክቶ ተበላሽቶ ተገኘ። የአካባቢው ፖሊስ አዛዥ ሀሙስ ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ሴት አሽከሮቹ በሩ ላይ ተጋፍተው በቀሚሳቸው ነክተውት ነው፣ ተራ ነገር ነው ብሎ አለፈው። ከፍ መጥቶ ቀለሙ መቼ እንደተቀባ ጠየቀ፣ ደመረ ቀነሰ፣ ቀለሙ የደረቀው ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነው፣ ሴቶቹ የገቡት ደርቆ ስምንት ሰዓት ካለፈው በኋላ ነው። ደረቅ ቀለም ደግሞ ልብስ ስለነካው አይበላሽም። ማታ 6 ሰዓት ላይ ደህና መሆኑን ያየች ልጅ አለች፣ ስለዚ ከ6 እስከ 9 ባለው ጊዜ እዛ በር ላይ ያለፈ አንድ ሰው ልብሱ ላይ ቀለም አለበት። ልብሱን ያገኘ አልማዙን ያገኛል።

አሁን ይሄን ደረጃ በደረጃ ሳየው ለምን እስከ ዛሬ እንደሚያስደስት ይገባኛል፣ ኮሊንስ ምንም አልደበቀብንም። የቀለሙን ሰዓት ከፍ ከመምጣቱ በፊት ነግሮናል፣ እኛም እንደ አዛዡ አልፈነዋል።

ታዲያ መርማሪው ይሳሳታል ይባላል፣ እንዴት ጥሩ የመርማሪ ታሪክ ይሆናል?

ይሳሳታል፣ ያውም በትልቁ፣ ከመጽሐፉ ግማሽ በፊት ጉዳዩን ትቶ ይሄዳል። ማስረጃውን በሙሉ በትክክል ያነባል፣ የሰው ልብ ላይ ግን ይስታል። ሮዛና ስፒርማን የምትባል ቀድሞ በስርቆት ታስራ የነበረች አሽከር አለች፣ አንድ ትከሻዋ ከአንዱ ከፍ ያለ፣ መልክ የሌላት፣ ባህሩ ዳር "ተንቀጥቃጩ አሸዋ" የሚሉት ሰው የሚውጥ ረግረግ ጋ ብቻዋን መቀመጥ የምትወድ። ከፍ እሷን እንደ ሌባ ተባባሪ ነው ያያት። እሷ ግን በፍቅር ታማ ነበር፣ የምትወደው ሰው ደግሞ መኖሯን እንኳን ልብ አላለም። የሷ ታሪክ ካነበብኩት ከስንት ጊዜ በኋላ እንኳን ከሆዴ አልወጣም።

ሆልምስ ሁሉን ነገር ስለሚያውቅ ነው የምንወደው፣ ከፍን ደግሞ ሲሳሳት አምኖ ስለሚመለስ። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፣ ግን ሁለተኛው ወደኛ ኑሮ ይቀርባል።

ከመቅደላ ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ እንዴ?

ኮሊንስ ስለ ኢትዮጵያ አልጻፈም። ቀኖቹን ግን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። መጽሐፉ የሚጀምረው ልደቱ ላይ ሳይሆን ሜይ 4 ቀን 1799 ሴሪንጋፓታም የሚባል የህንድ ከተማ ላይ ነው፣ የእንግሊዝ ጦር የቲፑ ሱልጣንን ምሽግ ሰብሮ ገብቶ ሲዘርፍ፣ ሄርንካስል የሚባል መኮንን ጠባቂዎቹን ገድሎ አልማዙን ሲወስድ። ይሄ መጽሔት በየሳምንቱ እየወጣ እያለ፣ ኤፕሪል 11 በወጣው ክፍልና ኤፕሪል 18 በወጣው ክፍል መሀል፣ ሰኞ ኤፕሪል 13 ቀን 1868፣ በኛ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም፣ ከቦምቤይ የመጣው የጄኔራል ናፒየር ጦር መቅደላ ገባ፣ አፄ ቴዎድሮስም እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ሰዉ። ከዛ ዘረፋው መጣ። ዘውዱ፣ ጽዋው፣ ታቦቱ፣ ብራናው በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጋ በቅሎ ተጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ በጨረታ ተሸጠ፣ የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው እዛው ቆሞ ይገዛ ነበር። የሰባት ዓመቱ ልዑል አለማየሁም አብሮ ተወሰደ፣ 1879 ላይ በ18 ዓመቱ እንግሊዝ አገር ሞተ፣ መቃብሩ ዊንዘር ነው።

ይሄን እያወቁ የመጀመሪያዎቹን ገጾች ማንበብ ሌላ ነው። እንግሊዛዊ አንባቢ "ሌባው ማነው?" ብሎ የሚጠይቀው የሬቸል መሳቢያ ባዶ ሲሆን ነው። ኮሊንስ ግን ከዛ ወደ 50 ዓመት ቀደም ብሎ የተሰረቀ እንደሆነ ገና በመግቢያው ነግሮናል፣ ከዛ በኋላ ያለው ሁሉ የተሰረቀ ነገር እንደገና ሲሰረቅ ነው። 11 ታቦቶች ዛሬም ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ተዘግተው አሉ፣ ለህዝብ አይታዩም። አንድ ታቦት ደግሞ ኤድንብራ ውስጥ አንድ ቤተ ክርስቲያን ቁምሳጥን ውስጥ ተገኝቶ 2002 ላይ ወደ አገሩ ተመልሷል። ቁምሳጥን ውስጥ። ስለ ሬቸል ሳነብ ሁሌም እሱ ነው የሚታወሰኝ።

ህንዳውያኑ እንደ ክፉ ሰው ነው የተሳሉት? መጽሐፉ ዘረኛ ነው?

ቤተሬጅና ሌሎቹ ገጸ ባህሪያት በዘመናቸው አፍ ነው የሚናገሩት፣ ሶስቱን ሰዎች ገና ሲያዩ የብር ማንኪያውን ነው የሚቆጥሩት፣ ይሄ ያስከፋል። መጽሐፉ ራሱ ግን ከነሱ ጋር አይስማማም። ሶስቱ ሰዎች ብራህማኖች፣ ማለትም የሂንዱ ካህናት ናቸው፣ አልማዙን ለመመለስ ሲሉ ባህር ተሻግረው፣ የመንገድ ላይ ተጫዋች መስለው፣ በሃይማኖታቸው ከሁሉ የሚከብደውን ክብራቸውን ትተው ነው የመጡት፣ እንደነሱ በዓላማው የጸና ሰው መጽሐፉ ውስጥ የለም። ምስጢሩን የሚፈታውም ከቅኝ ግዛት የተወለደ፣ እናቱ ነጭ ያልሆነች፣ ሁሉም የሚሸሸው ኤዝራ ጄኒንግስ ነው። 1868 ላይ ይሄን ለመጻፍ ድፍረት ይጠይቃል።

(ስፖይለር) ሌባው ማነው በመጨረሻ?

ሁለት ሰዎች ናቸው። አልማዙን ከመሳቢያው ያወጣው ፍራንክሊን ብሌክ ነው፣ ያ ምርመራው ይጀመር ብሎ ከሁሉ በላይ የሮጠው ሰው። ሮዛና ራሷን አሸዋው ውስጥ ከመጣሏ በፊት በሰንሰለት አስራ የደበቀችውን የቆርቆሮ ሳጥን በደብዳቤዋ ምልክት ተመርቶ ጎትቶ ያወጣዋል፣ ውስጡ ቀለም የነካው የሌሊት ልብስ አለ፣ የማን እንደሆነ ለማወቅ ልብሱ ላይ የተጻፈውን ስም ሲያነብ የራሱን ስም ያነባል። ያቺ ገጽ ላይ መጽሐፉን ዘግቼ ክፍሌ ውስጥ ተነስቼ መዞሬን አስታውሳለሁ።

ፍራንክሊን ግን ሳያውቅ ነው ያደረገው፣ በእንቅልፍ ልቡ ከተደበቀ ሌባ ላድነው ብሎ ወስዶ አባትህ ባንክ ውስጥ አስቀምጥልኝ ብሎ ለጎድፍሬይ ኤብልዋይት ሰጠው። ጎድፍሬይ የበጎ አድራጎት ማህበር ሰብሳቢ፣ የሴቶች ተወዳጅ ተናጋሪ፣ ሚስ ክላክ እንደ ቅዱስ የምታየው ሰው ነው፣ በአደራ የተሰጠውን የአንድ ወጣት 20,000 ፓውንድ በልቶ ጨርሶ ነበር። አልማዙን በ2,000 ፓውንድ አስያዘው። የሱን ፈለግ ያገኘው ደግሞ ከፍ ብቻ አይደለም፣ የጠበቃው ተላላኪ፣ ጉዝቤሪ የሚሉት ዓይኑ የፈጠጠ ልጅ ነው ከባንክ ጀምሮ የተከተለው።

(ስፖይለር) የኦፒየሙ መፍትሄ አያሳምንም፣ እንዴት ሰው ሳያውቅ እንዲህ ያደርጋል?

ይሄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ሐኪሙ ካንዲ እራት ላይ ፍራንክሊን መድኃኒት ላይ ስለተሳለቀ ሊያስተምረው ብሎ በድብቅ 25 ጠብታ ሎዳነም ሰጠው፣ ፍራንክሊን ሲጋራ አቁሞ እንቅልፍ አጥቶ ስለነበር በጣም ሰራበት። ጄኒንግስ ከዓመት በኋላ ቤቱን እንደነበረው አስመልሶ፣ ፍራንክሊን እንደገና ሲጋራ አቁሞ፣ 40 ጠብታ ሰጥቶት በምስክር ፊት ይደግሙታል፣ እና ተነስቶ በባዶ እግሩ ሄዶ የውሸቱን ድንጋይ ያወጣል። ኮሊንስ ሰው አያምነኝም ብሎ ኤሊየትሰን የተባለ የእውነት ሐኪም ከጻፈው መጽሐፍ ጠቅሷል፣ አንድ የአየርላንድ ሰው ሰክሮ ዕቃ የት እንዳደረሰ ረስቶ እንደገና ሲሰክር ስላስታወሰ። ደግሞ ኮሊንስ ሎዳነምን ከማንም በላይ በገዛ ሰውነቱ ያውቀዋል። የሚገርመው እንግሊዝ ኦፒየምን እንደልብ ከመሸጥ የሚገድብ ህግ ያወጣችው በዛው 1868 ነው።

ለኔ ግን ያሳመነኝ ሐኪሙ ሳይሆን ሌባሻይ ነው። አያቶቻችን ሌባ ሲጠፋ ለአንድ ልጅ መድኃኒት አጠጥተው፣ ወገቡን በጨርቅ አስረው፣ እየተንገዳገደ የገባበትን ቤት ባለቤት ሌባ ብለው ይይዙ ነበር፣ ስንት ንጹህ ሰው ተበድሎበታል፣ በኋላም ተከልክሎ ቀረ። መጽሐፉ ውስጥም ህንዳውያኑ ለአንድ ልጅ መዳፉ ላይ ቀለም አፍስሰው እያየ እንዲነግራቸው ያደርጋሉ። እዚ ያለው ልዩነት መድኃኒት የሚጠጣው ራሱ ተጠርጣሪው መሆኑ ነው፣ የሚሮጠውም ሌላ ሰው ላይ ለመውደቅ አይደለም፣ የራሱን እውነት ለማየት ነው። ሳይንሱን ተጠራጠሩ፣ ትዕይንቱን ግን መጠራጠር ያስቸግራል።

(ስፖይለር) ሬቸል ስታየው ለምን ዝም አለች? አንድ ቃል ብትናገር ያልቅ ነበር

ያልቅ ነበር። በዓይኗ አይታዋለች፣ በጨለማ ሻማ ይዞ ገብቶ መሳቢያውን ሲከፍት። ጠዋት ደግሞ ያው ሰው ፖሊስ ጥሩ እያለ ሲሮጥ ስታይ፣ የምትወደው ሰው ሌባም ውሸታምም ነው ብላ ደመደመች። ብትናገር ታሳስረዋለች፣ ዝም ብትል ራሷ ትጠረጠራለች፣ መጠርጠሩን መረጠች። እሱ ደግሞ ለምን እንደጠላችው አያውቅም። አንድ ሙሉ ዓመት እንዲህ አለፈ፣ እሷ ጥፋቱን ያውቃል ብላ፣ እሱ ጥፋት እንዳለበት ሳያውቅ። ቤተሰብ ውስጥ ገመና ይሸፈን ተብሎ ስንት ነገር ታፍኖ እንደሚቀር ለሚያውቅ አንባቢ የሬቸል ዝምታ ምንም ማብራሪያ አያስፈልገውም።

(ስፖይለር) ህንዳውያኑ ጎድፍሬይን ገድለው ለምን አልተያዙም? መጨረሻው አልገባኝም

ጎድፍሬይ ፊቱን አጥቁሮ የውሸት ጺም ለጥፎ መርከበኛ መስሎ ሊጠፋ ሲል ማረፊያ ቤት ውስጥ ታፍኖ ሞቶ ተገኘ፣ ዊጉንና ጺሙን የሚያነሳው ከፍ ነው። ከፍ ደግሞ ገና ከማየቱ በፊት የጠረጠረውን ስም ጽፎ በታሸገ ፖስታ ለፍራንክሊን ሰጥቶት ነበር፣ ሲከፈት የጎድፍሬይ ስም ነው፣ የመጀመሪያውን ስህተቱን በዚ ካሰ። ሶስቱ ሰዎች ግን መርከብ ላይ ናቸው፣ ህንድ ሲደርሱ ፖሊስ ሳይዛቸው ወርደው ይጠፋሉ።

ኮሊንስ ቢፈልግ አልማዙን ለሬቸል መልሶ ሰርጉ ላይ ደረቷ ላይ ሊሰካው ይችል ነበር። አላደረገውም። የመጨረሻው ደብዳቤ መርትዌይት ከሚባል መንገደኛ ነው የሚመጣው፣ 1850 ላይ ሶምናት አጠገብ በሌሊት ጨረቃ ወጥታ በሺዎች የሚቆጠር ህዝብ ነጭ ለብሶ ቆሞ ያያል። ሶስቱ ሰዎች ኮረብታ ላይ ወጥተው ተቃቀፉ፣ ለዓላማቸው ሲሉ ሥርዓታቸውን ስላፈረሱ ከእንግዲህ አብረው እንዳይኖሩ ተፈርዶባቸዋል፣ ሶስት መንገድ ተከፈተላቸውና ህዝቡ ዝም ብሎ እያየ እያንዳንዱ ለብቻው ሄደ። መጋረጃው ሲገለጥ ሐውልቱ ግንባር ላይ ያ ቢጫ ድንጋይ አለ፣ መርትዌይት መጨረሻ ያየው የእንግሊዝ ሴት ቀሚስ ላይ ነበር።